ቀላል ጎማ ለካራማራ

[ጅጅጋ፣ የካቲት 2004 ዓ.ም.፤ ረፋድ። የፋርቱን ጎማ መደብር ደጃፍ። ዐብዲወሊ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ያረጀች ኮሮላ አለችው። ወልደሥላሴ ጎረቤቱ ነው፤ የበርበሬና የቅመም ነጋዴ፣ በዕድሜ የገፋ፣ በሰውነትም ሰፋ ያለ። ሁለቱ በአንድ ጎማ ዙሪያ ቆመው ይከራከራሉ።]

ወልደሥላሴ፦ ቆይ፣ ቆይ። ከቀለለ ለምን ይወደዳል?

ዐብዲወሊ፦ ስለቀለለ ነዋ፣ ጋሼ!

ወልደሥላሴ፦ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ በርበሬ ሸጫለሁ። ቀሎ ዋጋው የጨመረ ዕቃ አላየሁም። ሚዛኑ ትንሽ የቀለለ ቀን ሰው ይሰድበኛል እንጂ ጨምሮ አይከፍለኝም።

ዐብዲወሊ፦ ጎማ በርበሬ አይደለም እኮ።

ወልደሥላሴ፦ እሱንማ አየሁት። ሁለቱም ግን ያቃጥላሉ፤ አንዱ አፍ፣ አንዱ ኪስ።

ዐብዲወሊ፦ የምፈልገው ቀላል የስፖርት ጎማ ነው። ስፖርት!

ወልደሥላሴ፦ ለዚህ ነዋ የከሳው።

[ፋርቱን ከውስጥ ስትስቅ ይሰማል።]

ዐብዲወሊ፦ አቦ ይስሙኝ፣ ጋሼ። ትናንት ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ከሰዓቱን በሙሉ ሳነብ ነው የዋልኩት። የሚሽከረከር ነገር ክብደቱ እጥፍ ሆኖ ነው የሚታሰበው። ከጎማው ላይ አንድ ኪሎ ብቀንስ፣ ከመኪናው ሁለት ኪሎ እንደቀነስኩ ይቆጠራል።

ወልደሥላሴ፦ አንድ ኪሎ ይወጣና ሁለት ኪሎ ይሆናል?

ዐብዲወሊ፦ አዎ!

ወልደሥላሴ፦ እንዲህ ያለ ሚዛን ቢኖረኝ ይሄኔ ድሬዳዋ ላይ ፎቅ ሠርቼ ነበር።

ዐብዲወሊ፦ አይቀልዱ። ቅዳሜ ደረሰ እኮ። የማገባት የላዳን ቤተሰቦች ሐረር ተቀምጠው ሽማግሌ ይጠብቃሉ። ባለፈው ቅዳሜ ካራማራ ዳገት ላይ የቆምነው አይበቃንም?

ወልደሥላሴ፦ ኧረ በቅቶኛል። ልጅ ልጠይቅ በክብር ወጥቼ መኪና ገፍቼ የተመለስኩት እኔ ነኝ።

ዐብዲወሊ፦ አጎቴ ጃማ በነጭ ልብሱ መኪና ሲገፋ! ሳስበው አሁንም ላብ ያሰምጠኛል። ከዚያ ደግሞ ለሰዎቹ ደውለን "ጃማን አሞት ነው" አልን። አሁን ሁለተኛ ይታመም?

ወልደሥላሴ፦ እኔን አሞኝ ይባል። እሱ ውሸት አይሆንም፤ ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም።

ዐብዲወሊ፦ ሁለተኛ ከቀረን አለቀልኝ። አጎቷ ፋራህ በስልክ ምን እንዳለኝ ያውቃሉ? "ልጄ፣ መንገዱ ከጠፋባችሁ ሰው እንላክላችሁ" አለኝ።

ወልደሥላሴ፦ ታዲያ ሚኒባስ ሞልቶ የለም?

ዐብዲወሊ፦ ሚኒባስ? ላዳንን የተዋወቅኳት ቀን መኪና አለኝ ብያታለሁ።

ወልደሥላሴ፦ አለህ አይደል እንዴ?

ዐብዲወሊ፦ የሚሄድ መስሏታላ።

ወልደሥላሴ፦ ሜዳው ላይ እኮ ደህና ትሄድ ነበር። ዳገቱን ስታይ ነው የደነገጠችው። እኔም እንደሷ ነኝ።

ዐብዲወሊ፦ እሱ እኮ ነው ምልክቱ! ሜዳ ላይ ክብደት አይታወቅም፤ ዳገት ላይ ይጋለጣል። መኪናዋ ከብዷታል። ሳይንስ ነው።

ወልደሥላሴ፦ ለመካኒክ ለምን አታሳያትም?

ዐብዲወሊ፦ መካኒክ? እኔ ፊዚክስ የማስተምር ሰው መካኒክ ጋ ልሂድ?

ወልደሥላሴ፦ እሱስ እውነት ነው። የኔንም ልጅ አስተምረሃታል።

ዐብዲወሊ፦ ጎበዝ ነበረች! ማትሪክ ፊዚክስ ስንት አመጣች?

ወልደሥላሴ፦ አሁን ልብስ ትሰፋለች። ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

[ዐብዲወሊ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ወልደሥላሴ አንዱን ጎማ ያገላብጣል።]

ወልደሥላሴ፦ ይልቅ ይሄን እንውሰድ። ዋጋው ተጽፎበታል። መቶ ሰባ አምስት ይላል።

ዐብዲወሊ፦ እሱ ስፋቱ ነው።

ወልደሥላሴ፦ ቀጥሎ ደግሞ ስልሳ አምስት አለ።

ዐብዲወሊ፦ እሱ የጎኑ ከፍታ ነው።

ወልደሥላሴ፦ አሥራ አራትስ?

ዐብዲወሊ፦ የቸርኬው ልክ። መሃል የሚገባው ብረት።

ወልደሥላሴ፦ ታዲያ ዋጋው የት ነው የተጻፈው?

ዐብዲወሊ፦ እሱ ፋርቱን ልብ ውስጥ ነው የተጻፈው።

[ፋርቱን ከውስጥ ሆና ዋጋውን ትጠራለች። ወልደሥላሴ የያዘውን ጎማ ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል።]

ወልደሥላሴ፦ ለአራቱ ነው?

ዐብዲወሊ፦ ለአንዱ።

ወልደሥላሴ፦ እንግዲህ የሚቀለው ኪስህ ነው።

ዐብዲወሊ፦ አዲሱስ ለኔ አልተሠራም። በመምህር ደሞዝ የሚገዛው ያገለገለ ነው። ያገለገለ ሆኖ ቀላል።

ወልደሥላሴ፦ ካገለገለማ መቅለሉ መች ይቀራል? ሳሙናም ሲያገለግል ይቀላል። [ጥግ ላይ ከተከመሩት አንዱን ብድግ አድርጎ] እንካ! ላባ ነው ላባ!

ዐብዲወሊ፦ ጋሼ፣ ይሄ እኮ አልቋል! ሽቦው ወጥቷል!

ወልደሥላሴ፦ ቀላል አላልክም?

ዐብዲወሊ፦ ጥርስ ያለው ቀላል!

ወልደሥላሴ፦ መጀመሪያ አትናገርም? [ጎማውን በሐዘን እያየ] ጥርሱን የጨረሰማ ሽማግሌ ነው። ለእሱስ እኛ አለንልህ።

ዐብዲወሊ፦ ይኸውልዎ፣ እነዚህ አራቱ ጥርሳቸው ደህና ነው። እነዚያም አራቱ እንደዚሁ። ከሁለቱ የትኞቹ እንደሚቀሉ በእጅ አይለይም። ሚዛን ያስፈልጋል።

ወልደሥላሴ፦ ምን አስበህ ነው እንደዚህ የምታየኝ?

ዐብዲወሊ፦ የእርስዎ ሱቅ ቅርብ ነው።

ወልደሥላሴ፦ በበርበሬ ሚዛኔ ላይ ጎማ?

ዐብዲወሊ፦ ለላዳን ብለው።

ወልደሥላሴ፦ በላዳን መጣህብኝ እንግዲህ። ያዝ በዚያ በኩል።

[የወልደሥላሴ ሱቅ። በበርበሬና በእርድ ጆንያዎች መሃል አንድ ጎማ ሚዛን ላይ ተቀምጧል። ዐብዲወሊ ያስነጥሳል።]

ዐብዲወሊ፦ ጋሼ፣ ጣትዎን ያንሱ!

ወልደሥላሴ፦ የቱን ጣቴን?

ዐብዲወሊ፦ ሚዛኑ ላይ ያረፈውን!

ወልደሥላሴ፦ ውይ! ይቅርታ። እኔ አላዘዝኩትም፤ ለምዶ ነው።

ዐብዲወሊ፦ በቃ፣ አሁን አየሁ። ይሄኛው ከዚያኛው ሁለት ኪሎ ይቀላል! ሁለት ኪሎ ሙሉ!

ወልደሥላሴ፦ ይጠቅለልልህ?

ዐብዲወሊ፦ [እያስነጠሰ] በአራቱ ስምንት ኪሎ ማለት ነው። በእጥፉ ሲታሰብ ደግሞ አሥራ ስድስት። ካራማራን በሩጫ ነው የምንወጣው።

ወልደሥላሴ፦ አንድ ነገር ልበልህ? እኔ መቶ አራት ኪሎ ነኝ። በዚሁ ሚዛን ተመዝኜ ነው፤ ያን ጊዜ ጣቴን አላሳረፍኩም። ስምንት ኪሎ ፍለጋ ከምትዞር እኔን አውርደኝና ተገላገል።

ዐብዲወሊ፦ እርስዎን? እርስዎን አልቀንስም።

ወልደሥላሴ፦ ለምን? ለሽምግልናው ጃማ አለ፤ ሼኩ አሉ። እኔ አንድ በርበሬ ሻጭ…

ዐብዲወሊ፦ አባቴ የሞተ ጊዜ ቤታችን አልጋ ላይ የወደቀችውን እናቴን ማን ነበር ሆስፒታል የሚያመላልሳት? እርስዎ ሳይገቡ ስለ እኔ ማን ይናገርልኛል?

[ወልደሥላሴ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን በክንዱ ይጠርጋል።]

ወልደሥላሴ፦ ይሄ በርበሬ ዘንድሮ ኃይለኛ ነው።

ዐብዲወሊ፦ አዎ፤ እኔንም አቃጠለኝ።

ወልደሥላሴ፦ ለመሆኑ ጎማውን በምንህ ትገዛለህ?

ዐብዲወሊ፦ ለሱፍ ባስቀመጥኩት።

ወልደሥላሴ፦ ለሽምግልናው ቀን ባሰብከው ሱፍ? ምን ልትለብስ ነው ታዲያ?

ዐብዲወሊ፦ በእኛ ደንብ ልጁ ቤት አይገባም፣ ጋሼ። እናንተ ትገባላችሁ፤ እኔ ከአጥር ውጭ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ። እኔን ማን ያየኛል? ጎማውን ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል።

ወልደሥላሴ፦ እነሱ "ልጁ እንዴት ነው?" ሲሉኝ "ጎማው ያምራል" ልበል?

ዐብዲወሊ፦ ደግሞ የመቀመጫውንም ነገር አስቤበታለሁ። ባለፈው እርስዎ ከፊት ነበሩ። አሁን ከፊት አጎቴ ጃማ ይቀመጣል፤ እሱ ቀጭን ነው። እርስዎ ከሼኩ ጋር ከኋላ። የፊት ጎማዎቹ ነጻ ይሁኑ። ክብደት ማከፋፈል ይባላል።

ወልደሥላሴ፦ እኛ ጆንያ ስንጭን እንደዚያ እናደርጋለን። ጥሩ ነው፣ ጫነኝ።

[ቅዳሜ ጠዋት፣ የካራማራ ዳገት። ዐብዲወሊ ይነዳል። ጃማ አጠገቡ ተቀምጧል። ከኋላ ወልደሥላሴ ዓይኑን ጨፍኖ የሼኩን ክንድ ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። የሞተሩ ድምፅ ጤነኛ ነው።]

ዐብዲወሊ፦ ጋሼ፣ ያያሉ? ሦስተኛ ማርሽ! በሦስተኛ ማርሽ እየወጣች ነው!

ወልደሥላሴ፦ አላይም። የት ደረስን?

ዐብዲወሊ፦ ባለፈው የቆምንበትን ኩርባ አለፍነው!

ወልደሥላሴ፦ በመኪናው ነው ያለፍነው ወይስ በእግራችን?

ዐብዲወሊ፦ በመኪናው! ምን ብዬዎት ነበር? ጎማው ነው! ወላሂ ጎማው ነው! አይሱዙ ቀደምኩ!

ወልደሥላሴ፦ [አንድ ዓይኑን ገልጦ] ቆሞ ነው የነበረው። ሹፌሩ ከጎኑ ቁጭ ብሎ ሐብሐብ ይበላል።

ዐብዲወሊ፦ ቢሆንም ቀድመነዋል። እያንዳንዷ ኪሎ ትታወቀኛለች። ጎማው መሬቱን ሳይነካ የሚሄድ ነው የሚመስለኝ።

ወልደሥላሴ፦ ኧረ ይንካ! ልጄ፣ መሬቱን ይንካ!

ዐብዲወሊ፦ ሰኞ ክፍል ገብቼ ይሄን ምሳሌ አድርጌ ነው የማስተምረው። ተማሪዎቼ ፊዚክስ ለምን ይጠቅማል ሲሉኝ ሚስት ያመጣል እላቸዋለሁ።

ወልደሥላሴ፦ መጀመሪያ እንድረስ። ሼኩ ክንዴን ልቀቅ እያሉኝ ነው፤ እኔ ደግሞ አሁን ልለቅ አልችልም።

[ሐረር፣ ከሰዓት በኋላ። ከላዳን ቤተሰቦች አጥር ውጭ። ዐብዲወሊ አሮጌ ኮቱን ለብሶ ጎማዎቹን በመሐረብ ይወለውላል። ወልደሥላሴ ብቻውን ከግቢው ይወጣል። ፊቱ ግራ የገባው ሰው ፊት ነው።]

ዐብዲወሊ፦ ጋሼ! ምን አሉ?

ወልደሥላሴ፦ ሳቁ።

ዐብዲወሊ፦ ሳቁ? በእኔ?

ወልደሥላሴ፦ እሱ ነው ያልገባኝ። መጀመሪያ ላይስ ኮስተር ብለው ነበር። ፋራህ ገና ሻይ ሳይቀርብ "ባለፈው ለምን ቀራችሁ?" ብሎ ጃማን ጠየቀው። ጃማም "አሞኝ" አለ። "ምንህን?" ቢለው ጃማ "ጉልበቴን" ሲል፣ ሼኩ ሊረዱት ብለው እኩል "ሆዱን" አሉ።

ዐብዲወሊ፦ ያ ረቢ!

ወልደሥላሴ፦ ፋራህ ፊቱ ተለዋወጠ። "ውሸት ይዛችሁ ነው ልጅ ልትጠይቁ የመጣችሁት?" አለ። ጃማ አንገቱን ደፋ። ሼኩ መቁጠሪያቸውን መፈለግ ጀመሩ፤ እጃቸው ላይ ነበር። ነገሩ ሊበላሽ መሆኑ ታየኝ። እኔም አላስቻለኝም፤ እውነቱን አወጣሁት።

ዐብዲወሊ፦ የትኛውን እውነት?

ወልደሥላሴ፦ "ልጁ አሮጌ መኪና አለው፤ ካራማራ ላይ ደከመችበት፤ ማፈሩ ነው" አልኩ። "ሱፍ ሊገዛበት የነበረውን ለጎማ ሰጥቶ ነው ዛሬ ያደረሰን፤ አሁንም ውጭ በአሮጌ ኮት ቆሟል" አልኩ።

ዐብዲወሊ፦ ኮቱንም ነገሯቸው? በዚህ ነው የሳቁት?

ወልደሥላሴ፦ አይ፣ በዚህስ አልሳቁም። ፋራህ እንዲያውም ለዘብ አለ። ለካ ሰውዬው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። "መኪናዋ እንዴት ሆና ነው የደከመችው? አስረዳኝ" አለኝ።

ዐብዲወሊ፦ እኔን መጥራት ነበረባችሁ! እርስዎ ስለ መኪና ምን ያውቃሉ?

ወልደሥላሴ፦ ምንም አላውቅ። የሆነውን ነው የነገርኩት። ሜዳው ላይ ደህና ነበርን። ዳገቱ ሲጀምርና ገደሉን ሳይ ፍርሃት ያዘኝ። ያቺን ከመቀመጫችን መሃል ያለችውን እጀታ ይዤ ተረጋጋሁ አልኩት።

ዐብዲወሊ፦ የቷን እጀታ?

ወልደሥላሴ፦ ጫፏ ላይ የምትጫን ነገር ያለቻትን። ለፈሪ መንገደኛ ብለው የሠሯትን። ወደ ላይ ስትስባት ቀጭ ቀጭ ቀጭ ትላለች፤ ደስ ትላለች። መኪናዋ ማቃሰት ስትጀምር እኔ የባሰ ፈራሁና የባሰ ሳብኳት። ፈሪነቴን እንዳታይብኝ ደግሞ ጋቢዬን ጣል አድርጌባት ነበር።

[ዐብዲወሊ ቀስ ብሎ መኪናው ላይ ይደገፋል።]

ወልደሥላሴ፦ ይሄኔ ነው የሳቁት። ፋራህ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ። ላዳን ከጓዳ ስትስቅ እኔ ራሴ ሰማኋት፤ ከሁሉም ቆይታ የሳቀችው እሷ ናት። ፋራህ ዓይኑን እየጠረገ ምን አለ መሰለህ? "የእጅ ፍሬን ተስቦበት ካራማራን እስከ ግማሽ የወጣ ልጅ ትዳር አያቅተውም። ሰጥተነዋል።" ወዲያው ምርቃት ሆኖ ፋቲሓ ተቀራ።

ዐብዲወሊ፦ ሰጡኝ?

ወልደሥላሴ፦ ሰጡህ! እንኳን ደስ ያለህ! ብቻ አንድ ነገር አልገባኝም። የእጅ ፍሬን ማለት ምንድን ነው?

ዐብዲወሊ፦ ያቺ እጀታ ናት፣ ጋሼ።

ወልደሥላሴ፦ እሷ ፍሬን ናት?

ዐብዲወሊ፦ ፍሬን ናት።

ወልደሥላሴ፦ ለዚህ ነዋ የምታረጋጋው! [ትንሽ አስቦ፣ ደንግጦ] እንዴ! ያን ሁሉ የገፋነው ፍሬን ይዞ ነው? ጃማ ልብሱን ያቆሸሸው በእኔ ነው? አንተስ ሱፍህን… ልጄ፣ ይቅር በለኝ። እኔ ደነዙ…

ዐብዲወሊ፦ እርስዎ ምን አደረጉ? ፈሩ። መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ነኝ። ዳገቱን በሙሉ ቀይ መብራት ከመሪዬ ፊት ለፊት ሲበራ "መኪናዋ ክብደት በዛብኝ እያለች ነው" ብዬ ተረጎምኩት። የሚቃጠል ነገር ሲሸተኝ "የጋሼ በርበሬ ነው" ብዬ መስኮት ከፈትኩ። ስንመለስ ደግሞ እጀታዋን እኔው በእጄ አወረድኳት፤ እኔው የሳብኳት መስሎኝ!

ወልደሥላሴ፦ ታዲያ ዛሬ የወጣነው በጎማው አይደለም?

ዐብዲወሊ፦ ዛሬ የወጣነው እርስዎ የሼኩን ክንድ ስለያዙ ነው።

ወልደሥላሴ፦ [መሳቅ እየጀመረ] ያንን ሁሉ ስንመዝን… ከፊት ያነሳኸኝ ለሳይንስ ነበር አይደል?

ዐብዲወሊ፦ ከሠራኋቸው ስሌቶች ሁሉ የሠራችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ያለ ምክንያቷ።

[ሁለቱም ይስቃሉ። ከግቢው ውስጥ ጃማ እየተጣራ ነው፤ ሊሄዱ ነው።]

ወልደሥላሴ፦ አሁን ስንመለስ ከፊት ልቀመጥ?

ዐብዲወሊ፦ ይቀመጡ፣ ጋሼ። እጅዎ ግን ከጭንዎ አይነሳ።

ወልደሥላሴ፦ ካራማራ ላይ ስደርስ ታዲያ ምን ልያዝ?

ዐብዲወሊ፦ አፍዎን ይያዙልኝ። ሰኞ ክፍል መግባት አለብኝ።